የጸና ቮልቴጅ ፍለጋ፤ ከጢስ ዓባይ ተርባይን እስከ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሥራ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው ለማለት ይቻላል። ይኸውም ጭነት ሲበዛም ሆነ ሲያንስ ቮልቴጁ ከተወሰነለት መጠን ሳይወጣ ለተጠቃሚው እንዲደርስ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው የሚለው ነው። በጎጃም ምድር፣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የተተከለው የኃይል ማመንጫ በ1964 ሥራ ሲጀምር መሐንዲሶቹን ያሳሰበው ይኸው ጥያቄ፣ ዛሬ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል የሲሊኮን ቁራጭ ላይ እንደገና ተነሥቷል። የመጀመሪያው በሺሕና በመቶ ቮልት፣ ሁለተኛው በአንድ ቮልት መቶኛ የሚለካ ቢሆንም የሁለቱ ሕግ አንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸው ልብ ይባል።

የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር በሚልዮንና በቢልዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች በአንድነት የሚሠሩበት ክፍል ነው። ትራንዚስተሮቹ የሚመሩት በተወሰነ የኤሌክትሪክ ምት ሲሆን፣ ምቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ፋብሪካው ወስኖ ይሸጣል። ይህን ወሰን አልፎ ፕሮሰሰሩን ማሠራት ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። ምቱ በፈጠነ ቍጥር እያንዳንዱ ትራንዚስተር ከዜሮ ወደ አንድ ወይም ከአንድ ወደ ዜሮ ለመለወጥ የሚሰጠው ጊዜ ያጥራል፤ ጊዜው ሲያጥርበትም ሥራውን ሳይጨርስ ቀጣዩ ምት ይደርስበታል። የዚህ ውጤት ስሕተት ነው። ትራንዚስተሩን ከሚያፈጥኑት ነገሮች ዋነኛው ቮልቴጅ ስለ ሆነ፣ ፍጥነት የጨመረ ሰው ቮልቴጅ ወደ መጨመር ማምራቱ አይቀርም። ሆኖም ቮልቴጅ ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል፤ ከልክ ሲያልፍም ቺፑን ይጎዳዋል። እንግዲህ ከታች በስሕተት፣ ከላይ በጉዳት የታጠረች አንዲት ጠባብ ሜዳ አለች። የጸና ቮልቴጅ የሚገኘው በዚህች ሜዳ ውስጥ ነው።

ወደ ቺፑ ከመግባት አስቀድሞ ግን የመስመሩን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በገበዝ ማርያም ኮምፒዩተር የሚጠግን ወጣት ስለ ቮልቴጅ መውረድና መውጣት በመጀመሪያ የሚማረው ከቺፑ ሳይሆን ከግድግዳው ሶኬት ነውና። በ1956 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሥራውን በሁለት ከፍሎ ያካሂድ ነበር። አንደኛው ትልልቆቹን የውኃ ኃይል ማመንጫዎች በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ያገናኘው ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ከዚህ መስመር ርቀው የሚገኙ ከተሞች በየራሳቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም በናፍጣ ሞተር፣ የሚተዳደሩበት ነበር። የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሦስት ተርባይኖች ሲኖሩት ጠቅላላ ጉልበቱ ከ12 ሜጋዋት የማይደርስ፣ በተለይም የባሕር ዳርን ከተማና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ለማገልገል የታሰበ ነበር። በናፍጣ የሚተዳደር ከተማ በበኩሉ አንድ ትልቅ ጭነት በተጨመረበት ቍጥር ሞተሩ ሲያቃስት ይሰማል፤ አምፑሉም ይደበዝዛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ፣ በ2010 ደግሞ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ሥራ ጀመሩ። ባለሥልጣኑም በ1997 ወደ ኮርፖሬሽንነት ተለውጦ፣ በ2013 ኃይል በሚያመነጨውና በሚያስተላልፈው አንድ ድርጅትና ለደንበኛ በሚያከፋፍለው ሌላ ድርጅት ተከፈለ። ከጎጃም በስተምዕራብ በጉባ የተገደበው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በመስከረም 2025 ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት መሆኑ ተገልጿል። ይሁን እንጂ የማመንጨት አቅም ማደግና በመስመር መጨረሻ ላለ ደንበኛ የሚደርሰው ቮልቴጅ መጽናት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኃይሉ ከግድቡ የሚነሣው በመቶ ሺሕዎች በሚቆጠር ቮልት ነው፤ በ33 ወይም በ15 ኪሎቮልት መስመር ወደ ገጠር ከተማ ይገባል፤ በመጨረሻም በትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ይወርዳል። አብዛኛው ጣጣ ያለው በዚህችው የመጨረሻ ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ነው።

ነገሩን በቍጥር ማየት ይሻላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤቱ የተዘረጉት ሁለት ሽቦዎች ለከረንቱ የሚሰጡት ተቃውሞ በድምሩ 1 ኦም ነው ብንል፣ አንዱ ምጣድ ብቻ 16 ቮልት በመንገድ ያስቀራል። በዚያው መስመር ጫፍ ላይ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ሰዓት ቢጋግሩ 30 ቮልት ያህል ይጎድላል፤ ሶኬቱም ላይ የሚቀረው 190 ቮልት ነው። የእህል ወፍጮ ሞተር ደግሞ በሚነሣበት ቅጽበት ዘወትር ከሚወስደው ከረንት አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ሒሳብ ሳይማር ያውቀዋል። አምፑሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል።

ለዚህ ሕመም ከቆዩት መድኃኒቶች አንዱ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። በመነሻው 230 ወይም 235 ቮልት ቢሰጥ በመድረሻው 210 ይደርሳል በማለት ይታሰባል። ይህ ምሽት ላይ ይሠራል። እኩለ ሌሊት ላይ ግን ምጣዱም ወፍጮውም ጠፍተው መስመሩ ባዶ ሲሆን፣ መንገድ ላይ የሚቀር ቮልቴጅ የለምና ከፍ የተደረገው ሁሉ እንዳለ ቤት ይገባል። በጭነት ጊዜ የጎደለውን ለመሙላት የተጨመረው፣ ጭነት በሌለበት ጊዜ ትርፍ ይሆናል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው። ይህን ክሥተት አንባቢው በልቡ እንዲይዘው ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ በማዘርቦርድ ላይ እንደገና ይገናኘዋልና።

ኮምፒዩተር በዚህ መስመር ላይ የሚያሳየው ጠባይ ከአምፑል የተለየ ነው። አምፑል ቮልቴጅ ሲወርድበት የሚወስደው ከረንትም ይቀንሳል። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ግን የሚፈለግበትን ዋት ምንጊዜም ማሟላት ስላለበት፣ ቮልቴጁ በወረደ ቍጥር ከረንት ጨምሮ ይስባል። ስለዚህ የደከመውን መስመር ይበልጥ ያደክመዋል። በሌላ በኩል ከግድግዳው የሚመጣው ቮልቴጅ ከ180 እስከ 260 ድረስ ቢዋልል፣ ደኅና ፓወር ሰፕላይ በመውጫው 12 ቮልቱን በመቶ አምስት ከፍና ዝቅ ሳያደርግ ይይዛል። ከዚያም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ክፍል 12 ቮልቱን ወደ አንድ ቮልት ገደማ አውርዶ ለፕሮሰሰሩ ይሰጣል። ከዚህ የተነሣ የሶኬቱ ቮልቴጅና የቺፑ ቮልቴጅ በቀጥታ የተያያዙ አይደሉም። ይህን የማይለዩ ጠጋኞች ለቺፑ ጥፋት ስታቢላይዘር ሲያስገዙ፣ ለመስመሩ ጥፋት ደግሞ ፕሮሰሰር ሲያስቀይሩ ይገኛሉ።

ወደ ቺፑ ታሪክ እንመለስ። በ1978 የወጣው የኢንቴል 8086 ፕሮሰሰር 29,000 ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ የሚሠራውም በ5 ቮልት ነው። አምስት ቮልት የተመረጠው በ1960ዎቹ ከተስፋፉት የሎጂክ ቺፖች ጋር አብሮ እንዲሄድ ታስቦ ሲሆን፣ ከሃያ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የማይነካ ደንብ ሆኖ ቆይቷል። አይ.ቢ.ኤም. በ1984 ኤ.ቲ. የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ የ80286 ፕሮሰሰሩ በ6 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ አደረገ። ምቱን የሚሰጠው 12 ሜጋኸርዝ የሆነ ክሪስታል ግን በሶኬት የተሰካ እንጂ የተበየደ ስላልነበረ፣ ተጠቃሚዎች ነቅለው በጥቂት ዶላር በገዙት 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ይተኩት ጀመር። ኮምፒዩተሩ በ8 ሜጋኸርዝ ይሮጣል ማለት ነው። አይ.ቢ.ኤም. በኋላ ባወጣው ማስነሻ ፕሮግራም ፍጥነቱን እየለካ ከተወሰነው በላይ ከሆነ አልነሣም እንዲል አድርጎታል። በዚያ ዘመን ስለ ቮልቴጅ ያነሣ ሰው አልነበረም። ቺፑ የሚችለው ከሆነ ይሮጣል፤ ካልቻለ ክሪስታሉ ይመለሳል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር።

የአምስት ቮልት ዘመን እንዲያልፍ ያደረገው ሐሳብ የተጻፈው ግን ቀደም ብሎ ነው። የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቻቸው በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ትራንዚስተሩ በመጠን ሲያንስ ቮልቴጁም በዚያው ልክ ቢቀነስ፣ በአንድ ስፋት ላይ የሚወጣው ሙቀት ሳይጨምር ፍጥነት ሊጨምር እንደሚችል አስረዱ። ቺፕ የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ቮልቴጅ በግማሽ ቢቀነስ የሚፈጀው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። በ1993 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች በ5 ቮልት እየሠሩ እስከ 16 ዋት ድረስ በመውሰዳቸው በጊዜው እንደ ምድጃ ተቈጠሩ። በሚቀጥለው ዓመት የመጡት ወደ 3.3 ቮልት ወረዱ። በ1997 የፔንቲየም ኤም.ኤም.ኤክስ. ዋና ክፍል ወደ 2.8 ቮልት ዝቅ አለ።

ከእነዚህ መካከል ለታሪኩ ወሳኙ በ1995 በፔንቲየም ፕሮ ላይ የታየው ለውጥ ይመስላል። ቺፑ በአራት እግሮቹ አማካይነት የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ ራሱ ለማዘርቦርዱ መናገር ጀመረ። ቀድሞ ደንብ የነበረው ቮልቴጅ ከዚህ ወዲያ ጥያቄና መልስ ሆነ። ጥያቄ ደግሞ ሌላ ሰው ጣልቃ ገብቶ ሊለውጠው ይችላል።

ጣልቃ ገቦቹም አልዘገዩም። በነሐሴ 1998 ኢንቴል ሴለሮን 300 ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። የፍጥነት ማባዣው 4.5 ሆኖ የተቆለፈ፣ ከውጭ የሚመጣለት ምት 66 ሜጋኸርዝ የሆነ፣ ስለዚህም በ300 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነበር። ቢ 21 የተባለችውን የቺፑን ካርድ እግር በቁራጭ ፕላስተር የሸፈነ ሰው ግን ማዘርቦርዱ ምቱን 100 ሜጋኸርዝ ነው ብሎ እንዲረዳ ያደርገዋል፤ ፕሮሰሰሩም በ450 ይሮጣል። ይህ በዚያ ጊዜ በጣም ውድ ከነበረው ፕሮሰሰር ጋር የሚያወዳድረው ነበር። የዘወትር ቮልቴጁ 2.0 ነው። በዚህ ቮልቴጅ በ450 የማይጸና ቺፕ የደረሰው ሰው 2.1፣ ቀጥሎም 2.2 እየሰጠ ይሞክራል። በዚያው ዓመት የወጣው አቢት ቢ.ኤች. 6 የመሰለ ማዘርቦርድም ይህን ያለ ፕላስተርና ያለ ብየዳ፣ ከማስነሻው ፕሮግራም ምርጫ ብቻ እንዲደረግ አስቻለ። ሒሳቡን የሚሠራ ሰው ዋጋውን ይረዳል። ፍጥነቱ በአንድ ተኩል ሲባዛ፣ ቮልቴጁ ከ2.0 ወደ 2.2 ሲወጣ ካሬው 1.21 ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ ሙቀቱ ከቀድሞው 1.8 እጥፍ በላይ ነው። በ2000 በወጡት የኤ.ኤም.ዲ. አትሎኖች ላይ ደግሞ የማባዣውን ቁልፍ ለመክፈት የተቋረጡትን ጥቃቅን መስመሮች በተራ እርሳስ መቀባት በቂ ሆኖ ተገኘ። ግራፋይቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና። በዚህ ዘመን ከተሠሩት ብልሃቶች ሁሉ ይህችኛዋን የሚያህል ቀላል የለም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ቮልቴጁ መጽናቱ በምን ይታወቃል? ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ጽሑፍ ማስጻፉ ማስረጃ አይሆንም። ፕሮሰሰር በሚጽፍበት ጊዜ አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከባድ ሒሳብ እየሰጡ ለሰዓታት መፈተን ልማድ ሆነ። ጆርጅ ዎልትማን በ1996 ትልልቅ ዋና ቍጥሮችን በብዙ ሰዎች ኮምፒዩተር የሚፈልግ ፕሮጀክት ሲመሠርቱ ያዘጋጁት ፕራይም 95 የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ተግባር ዋለ። ሒሳቡ ለሳምንታት የሚቀጥል ስለ ነበር አንዲት ስሕተት የሳምንታትን ድካም ታበላሻለች፤ ከዚህ የተነሣ ፕሮግራሙ ራሱን እየተቆጣጠረ ስሕተት ሲያገኝ እንዲቆም ተደርጎ ተሠርቷል። ኦቨርክሎክ የሚያደርጉ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ እያስኬዱት ቮልቴጃቸውን መፈተኛ አደረጉት። ፈታኙ ለቁጥር ፍለጋ የተሠራ እንጂ ለእነርሱ አልታሰበም ነበር።

ይሁን እንጂ ፈተናን ማለፍ ማለት ያንን ፈተና ማለፍ ብቻ ነው። ይህን በግልጽ ያሳየው ኦቨርክሎክ ያደረገ ግለሰብ ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ነው። ኢንቴል ከኤ.ኤም.ዲ. ጋር በፍጥነት እሽቅድምድም ላይ በነበረበት በሐምሌ 2000 መጨረሻ፣ 1.13 ጊጋኸርዝ የሆነ ፔንቲየም 3 አወጣ። ጀርመናዊው የኮምፒዩተር መርማሪ ቶማስ ፓብስት የደረሳቸውን ቺፕ ሲሞክሩ የሊኑክስን ዋና ፕሮግራም መገንባት አልሆነለትም። ነገሩ በሌሎችም መርማሪዎች ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ኢንቴል ቺፑን ከገበያ ሰበሰበ። በብዙ መሐንዲሶችና በብዙ መሣሪያ የተደገፈ ፋብሪካ የጸና ቮልቴጅና ፍጥነት አገኘሁ ብሎ ሲሳሳት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ሌሊት ፈተና ደረስኩበት የሚል ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል።

ከላይ በኩል ያለው አጥር ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። በቺፑ ውስጥ ያሉት የብረት መስመሮች እጅግ ቀጫጭን ስለ ሆኑ፣ ብዙ ከረንት ሲያልፍባቸው የብረቱን አተሞች እየገፋ ከቦታቸው ያንቀሳቅሳቸዋል። ጎርፍ የማሳን ጠርዝ እንደሚሸረሽር ማለት ነው። ሙቀትና ቮልቴጅ ይህን ያፋጥኑታል። በ2002 የወጡትን ኖርዝዉድ የተባሉ ፔንቲየም 4 ቺፖች፣ 1.5 ቮልት የተወሰነላቸውን፣ ከ1.7 በላይ የሰጡ ሰዎች ለሳምንታት ወይም ለወራት በደስታ ከሠሩባቸው በኋላ በድንገት ሲሞቱባቸው አይተዋል። ቺፑ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም ነበር።

ወዲያው ደግሞ የዴናርድ ሕግ ራሱ ደከመ። ትራንዚስተሩ እጅግ ሲያንስ ተዘግቶም እያለ ከረንት ያንጠባጥብ ጀመር። ስለዚህ ቮልቴጁን እንደ ድሮው መቀነስ አልተቻለም። በ2004 ኢንቴል ቴጃስ የተባለውን ቀጣይ ፕሮሰሰር ተወው፤ በዚያው ዓመት ሊያወጣ የነበረውን 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ጭምር ሰረዘ። በ2005 ሁለት አእምሮ ያላቸው ቺፖች ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር መጡ። ከዚያ ወዲህ ቮልቴጁ በአንድ ቮልት ዙሪያ ቆሟል፤ ያደገው ከረንቱ ነው።

ከረንቱ በማደጉ ምክንያት የገጠሩ መስመር ችግር እንዳለ ወደ ማዘርቦርዱ ገባ። አንድ ዘመናዊ ፕሮሰሰር በሙሉ ጭነት 100 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። ይህ ከስድስት ምጣድ የሚበልጥ ከረንት ሲሆን፣ የሚያልፈው በጥቂት ሴንቲ ሜትር መዳብ ውስጥ ነው። በመንገዱ ያለው ተቃውሞ 1.1 ሚሊ ኦም ቢሆን፣ ማለትም ከአንድ ኦም ሺሕ ክፍል አንድ ያህል ቢሆን፣ 100 አምፔር 0.11 ቮልት ያስቀራል። ተጠቃሚው 1.30 ሰጥቻለሁ ቢል ቺፑ በሥራ ላይ የሚያገኘው 1.19 ነው። ከዚህ የተነሣ ሥራ ፈት ሲሆን ያለችግር የሚቆይ ኮምፒዩተር ሥራ ሲበዛበት ይደርቃል። ሌላ ተመልካች ቢኖር ምናልባት ቡሬ ላይ ወፍጮ የተነሣ ይመስለው ነበር።

የሚገርመው ፋብሪካዎቹ ይህን መውረድ እንደ ጉድለት ብቻ የማያዩት መሆኑ ነው። በጭነት ጊዜ ቮልቴጁ በተወሰነ ልክ እንዲወርድ አስበው ይፈቅዱለታል። ጭነቱ በድንገት ሲነሣ ተቆጣጣሪው ወዲያው ሊቀንስ ስለማይችል ቮልቴጁ ለማይክሮ ሴኮንዶች ይዘላል። በጭነት ጊዜ ዝቅ ብሎ ከቆየ ግን ዝላዩ ከወሰኑ በታች ይቀራል። ማዘርቦርድ ሠሪዎች በበኩላቸው መውረዱን የሚያካክስ ምርጫ በማስነሻው ፕሮግራም ውስጥ አስገቡ። ይህን ምርጫ እስከ መጨረሻው ከፍ ያደረገ ሰው በመለኪያው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያያል፤ ደስም ይለዋል። ጭነቱ በተነሣ ቅጽበት የሚመጣው ዝላይ ግን በተራ መለኪያ አይታይም። በምሽት የሚጎድለውን ለመሙላት የትራንስፎርመሩን ደረጃ ከፍ ባደረገው ሰው ላይ እኩለ ሌሊት የሚደርሰው ነገር፣ እዚህ በሴኮንድ ውስጥ ሺሕ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ በመካከለኛው ደረጃ ላይ ትቶ ጥቂት መውረድን መታገሥ ይሻላል።

ኢንቴል በ2008 ፕሮሰሰሩ ሙቀቱንና ጭነቱን እየተመለከተ ራሱን ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚያስሮጥበትን ዘዴ ሲያስገባ፣ ኤ.ኤም.ዲ.ም ተመሳሳዩን ተከተለ። በዚህ ጊዜ የቮልቴጅ ፍለጋው ከሰው እጅ ወጥቶ ወደ ቺፑ ገባ ለማለት ይቻላል። ይህ ግን ጥያቄውን አልዘጋውም። በ2022ና በ2023 የወጡት የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካቸው፣ ከወራት አገልግሎት በኋላ መሰናከል ጀመሩ። ኩባንያው በሐምሌ 2024 ባወጣው መግለጫ፣ ቺፑን የሚመራው ውስጣዊ ፕሮግራም ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ እንደ ነበር አስታወቀ። በነሐሴ የወጣው ማስተካከያ ከ1.55 ቮልት በላይ እንዳይጠየቅ አገደ፤ የዋስትናውም ጊዜ በሁለት ዓመት ተራዘመ። የተጎዳው ክፍል ምቱን የሚያከፋፍለው ሲሆን፣ ጉዳቱም ቺፑ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ቀስ በቀስ ከፍ ማለቱ ነበር። ትናንት የጸናው ቮልቴጅ ዛሬ አይበቃም ማለት ነው። ማስተካከያው አዲስ ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም።

ከታች በኩል ያለው አደጋ ደግሞ ይበልጥ ስውር ነው። በ2019 የበርሚንግሃም፣ የግራትዝና የሌውቨን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የኢንቴል ፕሮሰሰርን ቮልቴጅ በፕሮግራም ብቻ ጥቂት ዝቅ በማድረግ፣ ኮምፒዩተሩ ሳይቆም የማባዛት ሒሳብ እንዲሳሳት ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። በ2021 ደግሞ የጉግልና የፌስቡክ መሐንዲሶች በየበኩላቸው ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በሰፋፊ የኮምፒዩተር ማዕከሎቻቸው ውስጥ ምንም ምልክት ሳይሰጡ የተሳሳተ ሒሳብ የሚሠሩ ፕሮሰሰሮች መገኘታቸውን ገለጹ። የሚደርቅ ኮምፒዩተር ቢያንስ ሕመሙን ይናገራል፤ እየሠራ የሚሳሳተው ግን አይናገርም። በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ ውስጥ የበቆሎና የማዳበሪያ ሒሳብ የሚይዝ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ አለ እንበል። ለጨዋታ ወይም ለፊልም ማቀናበር ተብሎ ፍጥነቱ ከፍ ተደርጎበት፣ ቮልቴጁ ለጥቂት ያነሰው ከሆነ፣ ስሕተቱ በመዝገብ ላይ ተጽፎ ከወራት በኋላ በሰው ላይ ክርክር ሆኖ ሊነሣ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ማሽን በተወሰነለት ፍጥነት መተው አለበት።

ለራሱ ማሽን ይህን ሥራ መሞከር የሚፈልግ የምዕራብ ጎጃም ባለሙያ ደግሞ በሌላ አገር ሰው የተገኘውን ቍጥር እንዳለ መቅዳት አይገባውም። አንደኛ፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ቺፖች እንኳ እኩል አይደሉም። ሁለተኛ፣ ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ቡሬም ከእርሷ ከፍ ትላለች። በ2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው 82 በመቶ ያህል ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ስስ ስለ ሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በበጋ ወራት የመንገድ አቧራ፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ ከሆነም የዱቄት ብናኝ፣ በሙቀት ማስወጫው ቆርቆሮዎች መካከል ይጋገራል። ቺፑ በሞቀ ቍጥር ለዚያው ፍጥነት ተጨማሪ ቮልቴጅ ሊፈልግ ይችላል፤ ቮልቴጅ መጨመር ደግሞ ሙቀት ይጨምራል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ቮልቴጅ ሳይሆን ብሩሽ ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል ሲካሄድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሙቀት ማስወጫው ይጸዳል፤ ማሽኑም በተወሰነለት ፍጥነትና ቮልቴጅ ሌሊቱን በከባድ ሒሳብ ይፈተናል። በዚህ ካልጸና የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ከጸና ፍጥነቱ በትንሽ በትንሹ ከፍ ይላል። ስሕተት ሲታይ ቮልቴጁ 0.01 ወይም 0.02 ያህል ይጨመራል፤ ከአምራቹ ወሰን ግን አያልፍም። የሚለካውም ቮልቴጅ በሥራ ፈት ጊዜ ያለው ሳይሆን በሙሉ ጭነት ያለው ነው። መጨረሻ ላይ የተገኘው ፍጥነት አንድ ደረጃ ዝቅ ተደርጎ ይተዋል፤ ቺፑ ሲያረጅ የሚፈልገው ቮልቴጅ ይጨምራልና ለዚያ የሚሆን መጠባበቂያ ያስፈልገዋል።

ማሽኑ ከዚህም በኋላ ቢደርቅ፣ ጥፋቱ ከመስመሩ ይሁን ከቺፑ ለመለየት የደረቀበትን ሰዓት መመዝገብ በቂ ነው። ወፍጮው በሚነሣበት ወይም ጎረቤት በሚጋግርበት ሰዓት የሚደርቅ ከሆነ፣ የደከመው ፓወር ሰፕላዩ ወይም መስመሩ ነው። ሰዓት ሳይመርጥ፣ አንድ ዓይነት ሥራ በተሰጠው ቍጥር የሚደርቅ ከሆነ ግን፣ ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት ሙሉ ቢገኝም ለቺፑ የተሰጠው አንድ ቮልት ገና አልጸናም።